«እርጅና ነው» እየተባለ የሚታለፍ ሕመም

በአዲስ አበባ ስታዲየም አካባቢ የሚኖር ወይም ለሥራው የሚመላለስ ሰው ስለ እግርና ስለ ፍጥነት ማሰብን ሳያውቀው ይለምደዋል። የኳስ ጫማና የስፖርት ልብስ የሚሸጡ ሱቆች በስታዲየሙ ሥር ለብዙ ዘመን ተደርድረው ኖረዋል፤ በአጠገቡ ባለው በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይም ሯጮች ገና ጎሕ ሳይቀድ ሲወጡና ሲወርዱ ማየት የሰፈሩ ልማድ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደውም በዚሁ ሜዳ ላይ ነበር። በዚያች ቀን ከተመልካቾቹ መካከል የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው፥ እግዚአብሔር ዕድሜ ሰጥቶት ከሆነ፥ ዛሬ ሰማንያውን አልፏል። ስለ ተጫዋቾቹ ብዙ ተጽፏል፤ የዛሬው ነገራችን ስለ ተመልካቾቹ ነው።

ከካዛንቺስ ወደ ስታዲየም በሚያመጣው መንገድ ጧት ጧት ስናልፍ እነዚህን አዛውንት እናያቸዋለን። አንዳንዶቹ ቤተ ክርስቲያን ስመው ይመለሳሉ፤ አንዳንዶቹ ሐኪም ተንቀሳቀሱ ብሏቸው ይራመዳሉ። ከመካከላቸው ግን አካሄዱ ከሌሎቹ የሚለይ አይጠፋም። ወደ ፊት ጎንበስ ይላል፤ ርምጃው አጭር ነው፤ ጫማው ከመሬቱ ሳይላቀቅ እየተጎተተ ይሄዳል፤ አንደኛው እጁ እንደ ሌላው ሰው እጅ ሳይወዛወዝ ከጎኑ እንደ ተጣበቀ ይቀራል። ለማረፍ በተቀመጠ ጊዜ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ መቁጠሪያ እንደሚቆጥር ሰው ያለማቋረጥ ይተሻሻሉ። አላፊው «ጸሎት እያደረሱ ነው» ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። ልጆቹን የጠየቅን እንደ ሆነ የሚሰጡን መልስ አንድ ነው፤ «ምን ይደረግ፥ እርጅና ነው» ይሉናል።

ይህን ቃል የሚናገሩት ከንቀት የተነሣ አይደለም። እንዲያውም ነገሩን አስቸጋሪ ያደረገው ለሽማግሌ ያለን ክብር ነው። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ቀስ ብሎ መራመዱ ያስከብረዋል፤ መንገድ ላይ የሚሮጥ ሽማግሌ ይታማል እንጂ አይመሰገንም። ፊቱ ቶሎ ለሣቅ የማይፈታ ሰው ጭምት ይባላል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ጨዋ ነው። አንገቱን ደፍቶ የሚሄደውም ትሑት ነው። እንግዲህ ልብ ብለን ብንመለከተው ዝግታው፥ የፊቱ አለመፈታት፥ የድምፁ መድከምና የወገቡ መጉበጥ አራቱም በሐኪም መጽሐፍ ውስጥ የአንድ በሽታ ምልክቶች ሆነው ተጽፈዋል። እኛ ያሳደገን ባህል አራቱንም አስቀድሞ የመልካም ጠባይ ምልክት አድርጓቸዋልና፥ አንድ ሰው ቀስ በቀስ ሲታመም ጎረቤቱ ቀስ በቀስ የሚከበርበት ምክንያት ሲበዛለት ያያል። የሚያስደነግጠን መንቀጥቀጡ ብቻ ነው፤ እርሱም ሲመጣ ዕድሜው ስለ ደረሰ እንላለን።

በሽታው የፓርኪንሰን ሕመም ይባላል። ስሙ የተወሰደው በለንደን ከተማ ሆክስተን በሚባለው ሰፈር ሐኪም ከነበረው ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። ይህ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1817 ስለ «አንቀጥቃጭ ሽባነት» አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፏ የሚናገረው ስለ ስድስት ሰዎች ብቻ ነው። ከስድስቱም ሁለቱን ያገኛቸው መንገድ ላይ ሲሆን፥ አንደኛውን ደግሞ ቀርቦ እንኳ ሳያነጋግር ከሩቅ አይቶ ነው የጻፈው። ለእኛ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ይህ ነው። የአእምሮን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ በሌለበት ዘመን፥ አንድ የሰፈር ሐኪም የአላፊ አግዳሚውን አካሄድ በማስተዋል ብቻ እስከ ዛሬ ያልተሻረ ነገር ጻፈ። ከቢሮ ወጥቶ ታክሲ እስኪያገኝ ድረስ በስታዲየም በር ሩብ ሰዓት የሚቆም የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ፓርኪንሰን ያየውን ያህል ለማየት ጊዜ አለው። ኋላ ዣን ማርቲን ሻርኮ የተባለው ታላቅ የፈረንሳይ ሐኪም በሽታው በዚያ ሰው ስም እንዲጠራ አደረገ። የፓርኪንሰን የልደት ቀን ሚያዝያ 3 ቀን በዓለም ዙሪያ የሕመሙ መታሰቢያ ሆኖ ይውላል።

የበሽታው ምንጭ ከአእምሮ ሥር ከሚገኝ አንድ ትንሽ ስፍራ ነው። በዚያ ያሉት ሕዋሳት ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፤ የሰው አካል አሳቡን ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው በዚሁ አማካይነት ነው። ሕዋሳቱ እየሞቱ ሲሄዱ ትእዛዙ ከአሳብ ቢወጣም ከእጅና ከእግር ዘንድ ዘግይቶና ደክሞ ይደርሳል። ምልክቱ ለዓይን በሚታይበት ጊዜ ከእነዚህ ሕዋሳት ብዙዎቹ አስቀድመው ጠፍተዋል። ስለዚህ ሕመሙ እጅ ከመንቀጥቀጡ ከብዙ ዓመት በፊት በሌላ መልክ ደጅ ሲያንኳኳ ይቆያል። ቡና ሲቆላ ቤቱን የሚያውደው ሽታ ለአንድ ሰው ብቻ አይሸተውም። ሌሊት በሕልሙ ከጠላት ጋር እየታገለ ይጮኻል፥ ይራገጣል፥ አጠገቡ የተኛችውን ሚስቱን ይመታል፤ ጧት ሲነግሩት ያፍራል። ሆዱ ይደርቃል፤ ያለ ምክንያት ያዝናል። ይህን ሁሉ ከአንድ ነገር ጋር አያይዞ የሚያስብ ቤተሰብ የት ይገኛል? ሌሊቱን ከቅዠት፥ ኀዘኑን ከኑሮ፥ የሆዱን ድርቀት ከምግብ ጋር እያያዝን እንለያያቸዋለን።

መጠንቀቅ የሚገባንም ነገር አለ፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ሁሉ የፓርኪንሰን ሕመም አይደለም። የዚህ በሽታ መንቀጥቀጥ ብዙውን ጊዜ የሚታየው እጁ ሥራ ፈትቶ ሲያርፍ ነው፤ ሲኒውን ሊያነሣ ሲዘረጋው ጋብ ይላል። ሲኒ ሲያነሣ የሚብስ መንቀጥቀጥ ግን በአብዛኛው ሌላ ምክንያት አለው። እንደዚሁም አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችና የማስመለስ ማስታገሻዎች ይህንኑ ሕመም የሚመስል ዝግታና መንቀጥቀጥ ያመጣሉ፤ መድኃኒቱ ሲተው ያ ምልክት ሊለቅ ይችላል። ከሕመምተኞቹም መካከል ከቶ የማይንቀጠቀጡ አሉ። ይህን ለመለየት የሠለጠነ ሐኪም ዓይን ያስፈልጋል፤ የጎረቤት ግምት አይበቃም።

አንድ ጎረቤታችንን እናስታውሳለን። እኚህ ሰው በመዝገብ ቤት ሥራ አርጅተው ጡረታ የወጡ ሲሆኑ፥ በሰፈሩ የታወቁት በእጅ ጽሕፈታቸው ነበር። የዕድሩ ደብተር፥ የሠርግ መጥሪያ፥ የአቤቱታ ማመልከቻ ሁሉ በእርሳቸው እጅ ይጻፍ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ፊደላቸው እያነሰ መጣ። መስመሩ ሲጀመር ደኅና ሆኖ ወደ መጨረሻው እየተጨማደደ ይሄዳል፤ የልጅ ልጃቸው «የአባባ ጽሕፈት በዝሆን ተጀምሮ በጉንዳን ያልቃል» እያለች ስትሥቅ እኛም አብረን እንሥቅ ነበር። አንድ ቀን ከገንዘብ ቤት ገንዘባቸውን ሊያወጡ ሄዱ። በመስኮቱ የተቀመጠው ወጣት በትሕትና «አባባ፥ ፊርማዎ ከፋይሉ ጋር አይመሳሰልም» አላቸው። እንደገና ፈረሙ፤ ሁለተኛው ከፊተኛው ይልቅ አነሰ። ሦስተኛውን ለመሞከር ሲሉ ከኋላቸው ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ፤ እርሳቸውም ብዕሩን መልሰው ሰጥተው ወጡ። በዚያ ምሽት በቤታቸው ተቀምጠው የገዛ ስማቸውን በአንድ ሙሉ ወረቀት ላይ ደግመው ደጋግመው ሲጽፉ አገኘናቸው።

ወጣቱ ሕጉን ጠብቋልና አንወቅሰውም። ነገር ግን ይህን መጽሔት ከሚያነቡት መካከል ከመስኮት ወዲያ የተቀመጡ ብዙዎች ናቸውና አንድ ነገር እንዲያውቁልን እንወዳለን፤ ጽሕፈት እያነሰ መሄዱ የዚህ ሕመም የታወቀ ምልክት ነው። ፊርማው ሲለወጥ ሰውዬው አልተለወጠም። ቶሎ የማይመልሰውና ፊቱ የማይፈታው ባለጉዳይም የተናገሩትን ሰምቷል፤ የተቆጣ ወይም የኮራ ቢመስልም የፊቱ ጡንቻ ነው እንጂ ልቡ አይደለም። በአብዛኛው የሚፈልገው ጥቂት ተጨማሪ ጊዜ ነው። የጣት አሻራ የሚቀበል መሥሪያ ቤትም ሳይጠየቅ አስቀድሞ ቢነግረው ብዙ ኀፍረት ያድነዋል።

ጎረቤታችን በመጨረሻ የነርቭ ሐኪም ዘንድ የቀረቡት ስለ መንቀጥቀጡ ብለው ሳይሆን ወድቀው ክንዳቸው ከተሰበረ በኋላ ነበር። ሐኪሙ ሰባራውን ክንድ ትቶ ሌላኛውን እጅ መመልከት ሲጀምር ልጆቻቸው ተገረሙ። መድኃኒቱን ከጀመሩ ከሳምንታት በኋላ አዛውንቱ ከወንበራቸው ያለ ደጋፊ ተነሡ፤ ሸሚዛቸውን ራሳቸው ቆለፉ። ልጃቸው ያን ቀን ደስ ከማለት ይልቅ አለቀሰች። ለካ ይህ ክኒን በእርጅና ስም በጠፉት ዓመታት ሁሉ ነበረ!

መድኃኒቱ ሌቮዶፓ ይባላል፤ በአእምሮ ውስጥ ገብቶ የጎደለውን ዶፓሚን ይተካል። ሳይደርስ በመንገድ እንዳይባክን ካርቢዶፓ ከሚባል ረዳት ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣል። ታሪኩ አጭር አይደለም። የስዊድኑ ሊቅ አርቪድ ካርልሶን በ1950ዎቹ መጨረሻ የዶፓሚንን ጥቅም ገለጸ፤ ኋላም በ2000 የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። ኦሌህ ሆርኒኪየቪች በቪየና ከተማ በ1960 በዚህ ሕመም በሞቱ ሰዎች አእምሮ ውስጥ ዶፓሚን መጉደሉን አሳየ። ጆርጅ ኮትዚያስ ደግሞ በአሜሪካ በ1967 መድኃኒቱ በአፍ፥ በብዙ መጠን፥ ቀስ በቀስ እየተጨመረ ሲሰጥ ሕመምተኛውን እንደሚያስነሣ አስመሰከረ። እነዚህ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ከዚህ ሁሉ የሚጥመን ሌላ ነው። ሌቮዶፓ በመጀመሪያ ከተክል ተለይቶ የወጣው በ1913 ሲሆን ተክሉም ባቄላ ነበር! በየጓሮው የምንሸመጥጠው እሸት፥ በየምሽቱ ከቡና ጋር የምንቆረጥመው በቁልት የዚሁ ንጥረ ነገር ባለቤት ነው። ይህን ስንል ግን ማንም ክኒኑን ትቶ ወደ ባቄላ እንዳይሮጥ አደራ እንላለን፤ በአንድ እፍኝ ባቄላ ውስጥ ያለው መጠን ዛሬ ብዙ ነገ ጥቂት ነውና ሕመሙን ያናጋዋል እንጂ አይገዛውም።

መድኃኒቱ በሽታውን አያድንም፤ ያቀልለዋል። ጠባዩም ሰዓት አክባሪ ነው። ዓመታት እያለፉ ሲሄዱ የእያንዳንዱ ክኒን ኀይል ያጥራል፤ ሰዓቱ ጥቂት ያለፈ እንደ ሆነ ሰውዬው በተቀመጠበት እንደ ሐውልት ይደርቃል። ከሥጋና ከመሰል ምግብ ጋር ከተወሰደም ሥራው ይደክማል፤ ስለዚህ ከምግብ አስቀድሞ መዋጥ ይመከራል። እዚህ ላይ ከአዛውንቶቻችን ጋር የሚያጋጨን ነገር ይነሣል፤ ይኸውም ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናት የጧቱን ክኒን በውኃ ዋጪ ቢሏቸው «ጾሜን አላፈርስም» ይላሉ። ሐኪሙን ከመጥራት ይልቅ የንስሐ አባታቸውን ጠርቶ ማነጋገር ፍቱን ሆኖ አግኝተነዋል። በእስልምናም ሕመምተኛ ከጾም ግዴታ እንደሚፈታ የታወቀ ነው።

ክኒኑ በየመድኃኒት ቤቱ ሁልጊዜ ቢገኝ ኖሮ ነገሩ በዚህ ባበቃ። የዓለም የጤና ድርጅት ሌቮዶፓን ከካርቢዶፓ ጋር በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ካስገባው ብዙ ጊዜ ሆኖታል። በእኛ ዘንድ ግን ወረቀቷን ይዘው ከስታዲየም ጀምረው እስከ ፒያሳ ድረስ በየበሩ «አለቀ» ሲባሉ የሚውሉ ልጆችን እናውቃለን፤ ያልተቋረጠ ክኒን የሚፈልገውን ሕመም በተቋረጠ ክኒን ያስታምማሉ። በድንገት ማቋረጡ ራሱ አደገኛ መሆኑን ያወቀ ሰው ይህን ቀላል ነገር ብሎ አያልፈውም።

ለመሆኑ ሕመምተኞቹ ስንት ናቸው? የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በምድር ላይ ከ8.5 ሚሊዮን የሚበልጡ የፓርኪንሰን ሕመምተኞች እንደ ነበሩ፥ ቁጥሩም በ25 ዓመት ውስጥ እጥፍ እንደ ሆነ ገልጿል። በአገራችን የቀደመው ትልቅ ቆጠራ በቡታጅራ አካባቢ በገጠር የተደረገው ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ60,820 ሰዎች መካከል ቤት ለቤት የነርቭ ሕመምን ፈልገው በ1990 ውጤቱን አሳተሙ፤ የፓርኪንሰን ሕመም ከ100,000 ሰው 7 ሆኖ ተገኘ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አራት ሰው ገደማ ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ የሆነበት አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ በሽታው በአብዛኛው ከስድሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሲሆን፥ እስከዚያ ዕድሜ የሚደርሰው ሰው ጥቂት ነበር። ስታዲየሙ በዋንጫው ጊዜ በተሞላበት ዘመን የኢትዮጵያዊው አማካይ ዕድሜ ወደ አርባ ዓመት ይጠጋ ነበር፤ ዛሬ ግን ስድሳ አምስትን አልፏል። የወባን፥ የኩፍኝንና የወሊድን ሞት በመቀነሳችን የተገኘ በረከት ነው። ከበረከቱ ጋር አብሮ የሚመጣውን እንግዳ ግን ገና ወንበር አላዘጋጀንለትም።

ጨርሶ አልተዘጋጀንም ማለታችን አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2006 የነርቭ ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀምሯል፤ በጥቁር አንበሳና ከስታዲየም ብዙ በማይርቀው በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል የነርቭ ተመላላሽ ሕክምና ይሰጣል። በ2011 ደግሞ ራሳቸው ሕመምተኛ በሆኑት በወይዘሮ ክብራ ከበደ የፓርኪንሰን ሕሙማንን የሚረዳ ድርጅት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። እነዚህም ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሕመሙን በራሱ ስም የጠራና ሕመምተኞችን በአንድ ቤት ያገናኘ ሰው ከሐኪም ያላነሰ ሥራ ሠርቷል እንላለን። ብዙዎቹ እጃቸውን በጋቢ ሸፍነው ከለቅሶም ከሠርግም ቀርተው የኖሩ ናቸውና። በሐምሌ 1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሊምፒክ መክፈቻ መሐመድ አሊ ችቦውን በሚንቀጠቀጥ እጁ ሲለኩስ፥ ኋላ ፋጡማ ሮባና ኀይሌ ገብረ ሥላሴ የሮጡበትን ያንኑ ውድድር ለማየት ቴሌቪዥን ከብበን የተቀመጥን ሁሉ አይተነዋል። የዓለም ቡጢ ንጉሥ እጁን አልሸፈነም።

ስለ ሰፈሩም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ነዋሪው ወደ ተለያየ ቦታ ሄደ። አዲሶቹ መንገዶች ሰፊና ደልዳላ ናቸው፤ እግሩን ለሚጎትት ሰው ከጥንቱ ኮብልስቶን ይልቅ እንደሚመቹ እንመሰክራለን። ነገር ግን ክኒን ፍለጋ የሚላከው የጎረቤት ልጅ፥ ወድቀው ሲገኙ የምታነሣቸው የጉሊት ነጋዴ፥ «ዛሬስ አልወጡም፤ ምን ሆኑ?» የሚለው ባለሱቅ በአንድነት አልተዛወሩም። የዚህ ሕመም ግማሽ ሕክምና በእነዚህ ሰዎች እጅ እንደ ነበር የታወቀው ከተበተኑ በኋላ ነው። ዕድርተኛው ለቀብር እንደሚሰበሰብ ሁሉ፥ በሕይወት ላለው ሽማግሌ በየተራ የሚጠይቅ ሰው ቢመድብ ከባድ ወጪ አይሆንበትም።

መዝገብ ቤት ሠራተኛ የነበሩት ጎረቤታችንም ከተዛወሩት አንዱ ናቸው። በቅርቡ ልንጠይቃቸው ሄደን ነበር። የዚህ ሕመም ሰዎች በር ላይ ሲደርሱ እግራቸው ከመሬት እንደ ተሰፋ ድርቅ ይላል፤ በፊታቸው የሚሻገሩት መስመር ሲያዩ ወይም ምት ሲሰሙ ግን ይራመዳሉ። ልጃቸው ይህን ከሐኪሙ ተምራ ከመኝታ ቤቱ ደፍ እስከ መጸዳጃው ድረስ በወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር በርምጃ ልክ እያደረገች ለጥፋለች። አዛውንቱ በሩ ላይ ደርሰው ጥቂት ቆሙ፤ ከዚያ ወደ ወለሉ ተመልክተው፥ ድሮ በትምህርት ቤት ሰልፍ እንደ ተማሩት፥ «ግራ፥ ቀኝ፥ ግራ፥ ቀኝ» እያሉ በነጩ መስመር ላይ ተሻገሩ።